ባና የለበሰችው ስፓይደር

መንዝ፣ መሐል ሜዳ ውስጥ ጌታነሽን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ወይ ብርድ የማይሰማው ፍጡር ነው። የቀረው ሕዝብ እሷ ከበግ ጠጉር ፈትላ ያሠራችውን ባና ለብሶ ያድራል፤ ካልለበሰም ተራ እየጠበቀ ነው። ሰውነቷ ቀጭን፣ ድምፅዋ ወፍራም ነው። ስትስቅ ከገበያው ወዲያ ማዶ ይሰማል። ስትቆጣ ግን ጭጭ ትላለች፤ ስለዚህ የሚያውቋት ሁሉ የሚፈሯት ዝም ስትል ነው።

የተወለደችው ሞላሌ አጠገብ ነው። እናትና አባቷ በአንድ ክፉ ዘመን ተከታትለው ሲያርፉ እሷ ገና ልጅ ነበረች፤ ከእሷም የሚያንስ መኳንንት የሚባል ወንድም ነበራት። ዘመድ ተሰበሰበ፣ አዘነ፣ ካዘነ በኋላ ሊከፋፍላቸው ወሰነ፤ እሷ ወደ አክስት፣ እሱ ወደ አጎት። ጌታነሽ አሻፈረኝ አለች። እንዝርቷን ይዛ የበግ ጠጉር እየፈተለች፣ ለጎረቤት እያረመችና እየፈጨች ወንድሟን አበላችው፣ አስተማረችው፣ ሰው አደረገችው። ልክ ሰው ሲሆን ደግሞ የዚያን ጊዜው መንግሥት ለጦርነት ወሰደባት። አልቅሳ አልቅሳ ተስፋ ልትቆርጥ ስትል፣ በ1983 ዓ.ም. ዘመን ተለወጠና ጢሙ አድጎ፣ ጫማው አልቆ፣ በእግሩ ከተፍ አለ። ከጦር ሠራዊቱ ይዞ የተመለሰው ነገር ቢኖር የሞተር ሙያ ብቻ ነበር።

«ታንክ ስጠግን ነው የኖርኩት፣ እትዬ» አላት።

«ታንክ ያልከበደህ ወፍጮ አይከብድህም» አለችና እጁን ይዛ ወፍጮ ቤት ወስዳ አስቀጠረችው። ቤትም ከቤቷ አጠገብ፣ አጥር ለአጥር፣ አሠራችለት። ሁለተኛ ከዓይኔ አይጠፋም ብላ ለራሷ ምላ ነበር።

በዚያን ጊዜ ባለትዳር ነበረች። ባሏ ትዕዛዙ መሐል ሜዳ ተወልዶ፣ ጉርምስናውን አዲስ አበባ፣ ሙሴ ካርሎ የሚባል ሽማግሌ ጣልያን ጋራዥ ውስጥ ያሳለፈ ባትላሜ ነው። ባትላሜ ማለት በአደጋ የተጨማደደ የመኪና ገላ እየደበደበ የሚያቃና ባለሙያ ነው፤ ቃሉም ሙያውም ከጣልያን የተረፈን ነው። ትዕዛዙ በዚህ ቃል አይቀልድም። ተሳስቶ «ቀጥቃጭ» ያለው ሰው ካለ ሳምንት ሙሉ ያኮርፈዋል፤ በእኛ አገር ያ ቃል ከኋላው ምን ምን ዓይነት ስድብ እንደሚጎትት ለሚያውቅ ሰው አይፈረድበትም። አገሩ ተመልሶ ሲገባ ግን መሐል ሜዳ ላይ የሚደበደብ መኪና ብዙ አልነበረም። የአውቶቡስ ፓራፋንጎ ሲያጣ ባልዲ ያቃናል፤ ባልዲ ሲያጣ የደብር ጉልላት ያድሳል። ጌታነሽ ግን በሙያው ትኮራ ነበር። ዝገት የበላውን ነገር አዲስ አድርጎ የሚመልስ ሰው ማግባቷን እንደ ትልቅ ዕድል ነው የምትቆጥረው።

እንግዲህ መኪናዋ የመጣችው በእነዚህ ሰዎች መሐል ነው።

ሙሴ ካርሎ አርጅቶ አገሩ ሊገባ ሲል ትዕዛዙን አዲስ አበባ አስጠራውና ከጋራዡ ጀርባ፣ ከቆሻሻ ሥር፣ የተቀበረች አንዲት ቀይ መኪና አሳየው። ሞተር የላትም፤ ወንበር የላትም፤ ጣሪያም የላትም። «እኔ ልጅ የለኝም፤ ያሰለጠንኩት አንተን ነው። ውሰዳት» አለው። ትዕዛዙ አለቀሰ። ከዚያ አይሱዙ ላይ አስጫናትና ከሽንኩርት ጆንያ ጋር መሐል ሜዳ ገባች። ቀኑ የገበያ ቀን ስለነበር በጉን ጥሎ ያልመጣ ሰው የለም።

ጠላ ሻጯ እትዬ ሸዋረጋ ቀረብ ብለው መኪናዋን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱና፣ «ምነው ልጄ፣ ጣሪያዋ መንገድ ላይ ወደቀ?» አሉ።

«ስትሠራም ጣሪያ አልነበራትም፣ እናቴ። ክፍት ሆና እንድትነዳ ነው የተሠራችው።»

«ለመንዝ?»

እውነትም በሐምሌ በረዶ፣ በጥቅምት ውርጭ ለሚያርፍበት አገር፣ ራሷን ገልጣ የምትሄድ መኪና ማምጣት ራሱን የቻለ ድፍረት ነው። ከኋላዋ ያለችው ቦታ ደግሞ ለአንድ ጠቦት እንጂ ለሰው አትበቃም። ሰውየው ግን በፍቅር ወድቋል፤ በፍቅር የወደቀ ሰው ምን ይባላል?

ስሟ ፊያት መቶ ሃያ አራት ስፓይደር ነው። የእንግሊዝኛ መምህሩ ስፓይደር ማለት ሸረሪት ነው ብሎ ለከተማው ሁሉ ተረጎመለት፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ስም አልተሰጣትም፤ ሸረሪቷ፣ በቃ። ጌታነሽ ይህን ስትሰማ እስኪያንቃት ሳቀች። «ሸረሪት ከሆነችማ የእኔ ዘመድ ናት፤ ሁለታችንም ፈትለን አዳሪ ነን» አለች።

ሥራው ተጀመረ። ትዕዛዙ ዝገት የበላውን ወለል ቆርጦ አወጣ፤ ኮፈኑን፣ በሮቹን፣ ፓራፋንጎዋን አንድ በአንድ እየደበደበ አቃና። መኳንንት ከወፍጮ ቤት በወጣ ቁጥር አጥሩን ዘሎ ይመጣል። የራሷ ሞተር እንደማይገኝ ሲያውቅ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ከአንዲት ከተገለበጠች ላዳ ሞተርና ካምቢዮ አመጣ። የማይገጥመውን እየሞረደ፣ የጠበበውን እየበሳ፣ ከብዙ ስድብ በኋላ አስገባው። ጌታነሽ ደግሞ አጠገባቸው ሆና የሁለቱም ጀርባ በብርድ ሲንቀጠቀጥ አየችና አሳዘኗት። የጥቁር በግ ጠጉሯን አወጣች፤ አባዘተች፤ ፈተለች፤ አያ ወሰኔ የተባሉ ሸማኔ ሸመኑላት፤ በፍል ውሃ አስረግጣ አጠበቀችው። ከዚያ በመኪናዋ ልክ ቀዳ ጣሪያ ሰፋችላት፤ የተረፈውን ለወንበሮቹ አለበሰችው። ያ ባና ዝናብ አያስገባም፣ ብርድ አያስገባም፣ ቢጫኑት አይቀደድም። ጣልያን ስፓይደሯን የባና ጣሪያ ለብሳ ቢያያት ምን እንደሚል እንጃ፤ መንዝ ግን «አሁን ገና ሰው ሆነች» አለ።

ማታ ማታ ሁለቱ ወንዶች ታሪኳን ለከተማው ያወራሉ። ችግሩ፣ ታሪኩ አንድ አልነበረም።

ትዕዛዙ ሲያወራው እንዲህ ነው። ቶሪኖ በሚባል የጣልያን ከተማ ሁለት ቤቶች ነበሩ፤ አንዱ ፊያት የሚባለው ትልቅ ፋብሪካ፣ አንዱ ፒኒንፋሪና የሚባለው የመኪና ገላ ሠሪዎች ቤት። ፊያት መቶ ሃያ አራት የምትባል፣ ታማኝ ግን ሳጥን የመሰለች የቤተሰብ መኪና ነበረችው። ፒኒንፋሪናዎች የሳጥኗን መሠረት ተቀብለው አሳጠሩት፤ ወገቧን አጠበቡት፤ ጣሪያዋን ገፈፉላት። በ1959 ዓ.ም. መጀመሪያ ለሕዝብ ስትታይ ያየ ሁሉ አፉን ከፈተ። ገላዋ እዚያ ቤት ያልቅና በጭነት መኪና ወደ ፊያት ይሄዳል፤ እዚያ ሞተር ይገባላታል። «ሞተርማ የት ይቀራል፣ ይገባል» ይላል ትዕዛዙ እጁን እያወናጨፈ። «በኋላ ፊያት ትቷት ሲሄድ ማን አነሣት? ያው የገላው ቤት! በራሱ ስም እየጠራ ዓመታት ሠራት። ታዲያ አባቷ ማን ነው?»

መኳንንት ሲያወራው ሌላ መኪና ይመስላል። በእሱ ታሪክ ገላ ማለት ቀሚስ ነው። ዋናው ነገር ፊያት ከሥር የሠራው ነው፤ በአናቱ ላይ ሁለት ዘንግ የሚያዞረው ያ ሞተር፣ ያሰበውም ቀድሞ ለፌራሪ የሠራ መሐንዲስ ነው። ሳጥኗን መኪና ደግሞ ሩሲያዎች ወስደው ላዳ አደረጓት። «ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የምታዩት ሰማያዊ ታክሲ ሁሉ የዚህች የሥጋ ዘመዷ ነው» ይላል። «እኔ የባዕድ ሞተር አላስገባሁባትም፤ ዘመዷን ነው ያመጣሁላት።» ይህ ለመንዝ ጆሮ ከማንኛውም ምህንድስና የበለጠ ደስ የሚል ነገር ነበር።

መኪናዋ በተነሣች ቀን ትዕዛዙ ሙክት አርዶ ጎረቤቱን ጠራ። የሞተሩ ድምፅ ሲሰማ ሴቱ እልል አለ፤ መኳንንት ፊቱ በጥቀርሻ እንደጠቆረ፣ እንደ ልጅ ሳቀ። ጌታነሽ ሁለቱን ጎን ለጎን ቆመው ስታይ በሕይወቷ ከዚያ የበለጠ የተደሰተችበት ቀን አልነበረም። ከዚያ ትዕዛዙ ዋንጫውን ይዞ ተነሣ።

«ለደቦዬ የመጣችሁልኝን ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ!» አለ።

መኳንንት የያዘውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰው። «ደቦ?» አለ። «እኔ ወንፈል መስሎኝ።»

ሌላ አገር ቢሆን ይህ ነገር በሳቅ ያልፍ ነበር። እዚህ ግን አያልፍም። በደቦ ባለቤቱ ይጠራል፤ የተጠራው አርሶ ወይም አጭዶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ መርቆ ይሄዳል፤ እህሉ የጠሪው ነው። በወንፈል ግን ዛሬ ለአንተ፣ ነገ ለእኔ ነው፤ ጠሪና ተጠሪ የለም፣ እኩል ነው። እና ያን ሁሉ ጊዜ ትዕዛዙ ደቦ የጠራ መስሎት ጠላውን ሲቀዳ፣ መኳንንት ወንፈል የገባ መስሎት ጉልበቱን ሲያፈስ ኖሯል ማለት ነው። ለካ ተነጋግረው አያውቁም።

«አንተ በልተህ የሠራኸው በእኔ ቤት አይደለም?» አለ ትዕዛዙ፣ እንግዳው ሁሉ እያየው ስላፈረ።

«ከአንድ ቀጥቃጭ ጋር እኩል መሆኔ ነው የከፋህ?» አለ መኳንንት።

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ መኳንንት ራሱ የደነገጠ ይመስላል፤ ግን የወጣ ቃል መመለሻ የለውም። ተነሥቶ ኮፈኑን ከፈተ፤ ሞተሩ ያለ እሱ የማይነሣውን ካርቡራተር ፈትቶ ወሰደ፤ የተከፈተውን የሞተር አፍ በጨርቅ ወተፈና በበሩ በኩል ዞሮ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጥሩን አልዘለለም።

ሁለት ዓመት አለፈ። ሸረሪቷ ከግቢው ጥግ፣ ባናዋን ለብሳ፣ ጎማዋ ተኝቶ ቆመች። ሁለቱ ሰዎች በአንድ አጥር ግራና ቀኝ እየኖሩ ሰላምታ የላቸውም። አንዱ ሲያስል ሌላው ይሰማል። ጌታነሽ ቆሎ ስትቆላ ለወንድሟ በአጥሩ ቀዳዳ ታሳልፋለች፤ እሱም «ተባረኪ እትዬ» ብሎ ይቀበላል፤ ግባ ስትለው ግን «እዚያ ደቦ ካለ ጥሩኝ» ይላል። ቤት ስትገባ ትዕዛዙ «ለማን ነው ያ ሁሉ ቆሎ?» ይላታል፣ የማያውቅ ይመስል። እሷም ትስቃለች። ገበያ ላይ ትስቃለች፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ትስቃለች። ብቻዋን ስትፈትል ግን ክሩ በእንባ ይርስ ነበር። በልጅነቷ አልከፋፈልም ብላ ያሸነፈች ሴት በስተርጅና በአንዲት መኪና ተሸነፈች።

ሽማግሌ ያልላከች እንዳይመስላችሁ። የነፍስ አባታቸው ቄስ መልከ ጼዴቅ ሦስት ጨዋ ሽማግሌዎች ይዘው መጥተው ነበር። ነገሩ በጥሩ ተጀመረ። ከዚያ አንደኛው ሽማግሌ፣ «ለመፍረድ መጀመሪያ የመኪናዋን ትውልድ ማወቅ አለብን፤ ፊያት የአባት ወገን ነው የእናት?» ብለው ጠየቁ። መንዝ ድሮ ርስት በአባትም በእናትም የሚጠየቅበት አገር ነው፤ ይህን ጥያቄ ያቀረቡለት ሽማግሌ እህል አያምረውም። አንዱ የሞተሩ ቤት አባት ነው አሉ፤ አንዱ ገላ የሰጠ እናት ስለሆነ የእናት ወገን ይበልጣል አሉ፤ ሦስተኛው ላዳም ድርሻ አላት ብለው ተነሡ። ሊያስታርቁ የመጡት ተኮራርፈው ተለያዩ። ቄስ መልከ ጼዴቅ ሲወጡ ጌታነሽን፣ «ልጄ፣ አንቺ ጸልዪ፤ እኔ ደግሞ አሁን እነዚህን ላስታርቅ» አሏት።

በሁለተኛው ዓመት ሰኔ ላይ መኳንንት በአጥሩ ቀዳዳ ቆሎውን ሲቀበል እጇን አልለቀቀም።

«እትዬ፣ ደብረ ብርሃን ጋራዥ ሥራ አግኝቻለሁ። መስቀል ሲያልፍ እሄዳለሁ።»

«ጠቅልለህ?»

«ጠቅልዬ። እዚህ ምን አለኝ?»

ጌታነሽ እንዲህ አኩርፎ ከሄደ እንደማይመለስ አወቀች። ክረምቱ ካለፈ አለቀ። አንድ ጊዜ ጦርነት ወስዶት ተመለሰላት፤ ኩርፊያ የወሰደውን ግን ማን ይመልስላታል?

በዚያ ሰሞን ትዕዛዙ ከአለም ከተማ ለመጣ አንድ እንግዳ የመኪናዋን ታሪክ ሲያወራ ጌታነሽ አጠገባቸው ተቀምጣ ትፈትል ነበር። ያንኑ ታሪክ ለስንተኛ ጊዜ ሰማችው። ወገቧ ጠበበ፤ ጣሪያዋ ተገፈፈ፤ ሕዝቡ አፉን ከፈተ። እንግዳው ሲሄድ እንዝርቷን አቆመች።

«ትዕዛዙ፣ እዚያ ጣልያን አገር ዝናብ አይዘንብም?»

«ይዘንባል እንጂ።»

«ታዲያ ሲዘንብ ክፍት ሆና ነው የምትሄደው?»

«የለም፣ የሚታጠፍ የሸራ ጣሪያ ነበራት።»

«ማን ሰፋው?»

«ምኑን?»

«ጣሪያውን። የትኛው ቤት ነው የሰፋው?»

ትዕዛዙ አገጩን አከከ። «እኔ እንጃ። ሰፊ ነዋ። አንድ ሰው ይሰፋዋል።»

ጌታነሽ ተነሥታ ወደ አጥሩ ሄደችና ወንድሟን ጠርታ ያንኑ ጠየቀችው። መኳንንት ሳቀ። «እትዬ ደግሞ! ጣሪያ እኮ ሞተር አይደለም» አላት።

ጌታነሽ ጭጭ አለች። ዝምታዋ ያን ቀን ሙሉ፣ ማግስቱንም ቆየ። ትዕዛዙ የተቆጣችው ወጡ ጨው ስለበዛበት መስሎት ነበር እንጂ የተናገረው ነገር ትዝ አላለውም። እሷ ግን የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እነዚህ ሁለት ሰዎች ሁለት ዓመት የአባትና የእናት ወገን ሲቆጥሩ፣ አንድ ቀን እንኳን የእሷን ስም ከመኪናዋ ጋር አንሥተው አያውቁም። ለራሷ ክብር ቢሆን ባልከፋት፤ ስሟ ያለ እነሱም በቂ ነው። የከፋት፣ ሁለቱን አንድ ላይ የሰፋች እሷ ሆና ሳለ ስፌቱ አለመታየቱ ነው።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንድ ቀን ሰማዩ ብሩህ ሆኖ ነጋ። ጌታነሽ መቀስ ይዛ ወጣችና የባናውን ጣሪያ ስፌት ፈትታ፣ ከመኪናዋ ላይ ገፈፈችው። የወንበሮቹንም አወለቀች። ጠቅልላ ተሸክማ ቤት አስገባች።

«ልታናፍሺው ነው?» አላት ትዕዛዙ።

«አይደለም። እኔም በወንፈል ነው የገባሁት። ድርሻዬን ወሰድኩ።»

ትዕዛዙ ቀልድ መስሎት ሳቀና ወደ ባልዲው ተመለሰ። እሷ ግን አጥሩ ዘንድ ሄዳ ለወንድሟም ያንኑ ነገረችው። «አንተ ካርቡራተርህን ወስደሃል፣ እሱ ገላውን ይዟል፣ እኔም ባናዬን ወስጃለሁ። አሁን ሁላችንም እኩል ነን» አለችው። መኳንንት አልሳቀም። ዓይኑ በአጥሩ ላይ አልፎ፣ ራሷን ተገልጣ የቆመችውን ቀይ መኪና፣ ቀጥሎም ሰማዩን አየ።

የሐምሌ ሰማይ የመንዝን ሰው ያታልላል። ከቀትር በኋላ ከምሥራቅ ጥቁር ደመና ተነሣ፤ ነፋሱ ቀዘቀዘ፤ በጎቹ ሳይነዷቸው ወደ ጉረኖ ሮጡ። መጀመሪያ ትላልቅ ጠብታ ወረደ፤ ወዲያው በረዶው ቀጠለ፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ሰው እንዳይሰማማ አድርጎ ጮኸ።

ትዕዛዙ ባልዲውን ጥሎ ወጣ። ያን ሁሉ ወራት ደብድቦ ያለሰለሰውን ኮፈን በረዶው እየደበደበ ሲያጎደጉደው አየ፤ ወለሉ ላይ ውሃ ሲጠራቀም አየ። መዶሻ ያልያዘ እጁ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ጋቢውን አውልቆ ጣለባት። ጋቢው ወዲያው ርሶ ተንሸራተተ። በዚያው ቅጽበት አጥሩ ተንኮሻኮሸና መኳንንት ከላዩ ዘሎ ወደቀ፤ የወፍጮ ቤቱን ሸራ በደረቱ ታቅፏል። እሱ የፈራው ለሞተሩ ነው፤ የወተፈው ጨርቅ ከበሰበሰ ውሃው ሆዱ ገብቶ ለዘላለም በዝገት ያጣብቀዋል። ሸራውን በሞተሩ በኩል ሲወረውረው ነፋሱ ነጥቆ ወደ ሰማይ አነሣው፤ አንድ ሰው ብቻውን የሚችለው አልሆነም።

«ያዝ እንጂ!» ብሎ ጮኸ መኳንንት።

ሁለት ዓመት የተጠበቀው ቃል ይህ ነው። ሽማግሌም ቄስም ያላመጣው ቃል።

«ይዣለሁ! አንተ በዚያ በኩል ሳብ!»

«ስቤያለሁ! ዝቅ አድርገው፣ ጋሼ፣ ዝቅ!»

«እጄን ነው የምትስበው!»

አንዱ በኮፈኑ፣ አንዱ በኋላዋ፣ የሸራውን ጫፍ ጨብጠው በላይዋ ተጋደሙ። በረዶው ሁለቱንም ጀርባ ጀርባቸውን ይደበድባቸዋል። ሸራው ግን አጭር ነው፤ መሐሉ፣ ወንበሮቹ ያሉበት፣ ክፍት ቀረ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወደ ቤቱ ዞሩ። ጌታነሽ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ባናው ክንዷ ላይ ተጣጥፏል።

«ጌታነሽ! ባናውን!»

«እትዬ! ባናውን!»

ጌታነሽ ከደጃፉ አልነቃነቅም አለች። ድምፅዋን ከበረዶው በላይ አንሥታ፣ «መጀመሪያ ንገሩኝ! ይህች መኪና ደቦ ናት ወንፈል?» አለች።

«ወንፈል ናት!» አለ ትዕዛዙ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። «ወንፈል ናት አልኩሽ እኮ! እኔ ነኝ ያጠፋሁት!»

«ደቦም ትሁን፣ እትዬ!» አለ መኳንንት በሌላው በኩል። «ደቦ ትሁን፣ የእሱ ትሁን፣ ብቻ አምጪው! ጋሼ፣ ያን ቃል ሰክሬ ነው፣ ማረኝ!»

«አልሰከርክም ነበር፣» አለ ትዕዛዙ ከኮፈኑ ላይ ሳይነሣ፣ «ግን ምሬሃለሁ!»

«ስንት ሆነን ነው የሠራናት?» አለች ጌታነሽ።

«ሦስት!» አሉ ሁለቱም አንድ ላይ።

«የሸመኑት አያ ወሰኔስ?»

«አራት! አራት ነን! ኧረ በማርያም!»

በዚህ ጊዜ ጌታነሽ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እየሳቀች፣ እያለቀሰች፣ ራሷ ላይ በረዶ እየወረደ ሮጠች፤ ባናውን በሁለቱ ሰዎችም በመኪናዋም ላይ ባንድነት ወረወረችው። ሁለቱ ከሥሩ ሆነው ሲንቀሳቀሱ አየች፤ ሲነጋገሩም ሰማች፤ ምን እንደሚሉ ግን በረዶው አላሰማትም። ግድም አልሰጣት።

በረዶው ሲያባራ ግቢው ነጭ ሆኖ ነበር። መኳንንት በሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የእኅቱን ደፍ ተሻገረ። እሳት ዳር ሁለቱም ባዶ ጀርባቸውን ሰጥተው ሲቀመጡ በረዶው የተወው ምልክት በአንዱም በሌላውም ላይ እኩል ነበር። ጌታነሽ ቅቤ እየቀባቻቸው ሁለቱንም እንደ ልጅ ትሰድባቸዋለች፤ እነሱም ዝም ብለው ይሰደባሉ። ትኩስ ገንፎ ከመሐላቸው አስቀመጠች። መኳንንት ሳይጠሩት በላ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ትዕዛዙ በረዶው ያጎደጎደውን ኮፈን እንደገና አቃና፤ መኳንንት ውሃውን አጠለለ፤ ካርቡራተሩን ወደ ቦታው መለሰ። እንግዳ መጥቶ ታሪኳን ሲጠይቅ አሁን አንዱ ይጀምርና ሌላው አቋርጦት ይቀጥላል፤ ጣሪያው ጋ ሲደርሱ ሁለቱም ዞር ብለው ጌታነሽን ያያሉ። እሷም «እዚያ አገር የሰፋው ሰው ስሙ ባይታወቅም ወዳጄ ነው» ትላለች።

መኳንንት ሐሳቡን አልለወጠም፤ ሥራው ጥሩ ስለነበር ጌታነሽም «ለውጥ» አላለችውም። መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ግን በአውቶቡስ አልሄደም። ሸረሪቷ ተነሣች። ሻንጣው ከኋላ ገባ፤ ሌላ ምንም የማይገባበት ሆነ። ትዕዛዙ መሪውን ያዘ፤ መኳንንት አጠገቡ ተቀመጠ፤ የባናው ጣሪያ ከላያቸው ተከደነ። ከተማው ሊሸኝ ወጥቶ ነበር።

እትዬ ሸዋረጋ መኪናዋን ዞረው ዞረው አዩና ጌታነሽን በክርናቸው ነካ አደረጓት። «አንቺ ልጅ፣ ጣሪያውን የሰፋሽ አንቺ፣ ያስታረቅሽ አንቺ። እስቲ የአንቺ መቀመጫ የታለ?»

መኪናዋ ከገበያው አልፋ ወደ ሞላሌ መንገድ ስትታጠፍ ጌታነሽ በዓይኗ ሸኘቻት። ከሩቅ በመስኮቷ መኳንንት እጁን እያወናጨፈ ሲናገር፣ ትዕዛዙም እየሳቀ ራሱን ሲነቀንቅ ይታይ ነበር።

«እኔ መቀመጫ አልፈለግሁም» አለች። «መንገዱ እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ረጅም ነው፣ መኪናዋም ጠባብ ናት። ሁለቱ እንዲህ ተጣብቀው እንዲቀመጡ ነው የሰፋሁት።»